በእግር ለመሄድ ስንት ጎማ ያስፈልጋል?

ድሮ ሰው ስለት ሲኖርበት ስንቁን ቋጥሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ ከደጁ ይወጣል። በቃ፣ ጉዞው ተጀመረ። ግሸን ይሁን ቁልቢ፣ ላሊበላ ይሁን አክሱም፣ መነሻው የገዛ ቤቱ ደፍ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባምና፣ ዘንድሮ በእግር የሚኬድበት ቦታ ለመድረስ በአውሮፕላን፣ በአውቶቡስ፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ በፈጣን ባቡር፣ ከዚያም «ባቡሩ ዛሬ የለም» ሲባል እንደገና በአውቶቡስ የሚኬድበት ዘመን ላይ ደረስን። ይህን ሁሉ የተሳፈረ ሰው ከዚያ በኋላ እግሩን ለምን ይፈልገዋል?

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። ጀርመን አገር ከከተመች ወዲህ እሁድ እሁድ ጫካ ለጫካ መዞር ለምዳለች። ባለፈው ዓመት ለእረፍት መጥታ አየችኝና «አባዬ፣ ጡረታ ከወጣህ ሶፋው ቅርጽህን ይዞ ቀርቷል፤ ካሚኖ እንሂድ» አለችኝ። ካሚኖ የምትለው በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ወደምትባል ከተማ፣ ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሚወስደውን መንገድ ነው። የዘብዴዎስ ልጅ፣ የዮሐንስ ወንድም፣ እኛ ሚያዝያ 17 የምናከብረው ሐዋርያ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መቃብሩ እዚያ ተገኘ ከተባለ ጀምሮ ሰዉ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ እዚያ ደርሰው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት ከ440 ሺህ በላይ ናቸው። «ይህን ያህል ሰው ከሄደ እኔ ብቀር ምን ይጎድላል?» ብላት አልሰማችኝም። የንስሐ አባቴ እንደሚከለክሉኝ ተስፋ አድርጌ አማከርኳቸው። «ሐዋርያው የሁላችን ነው፣ ሂድ» አሉኝ። ማምለጫዬ እዚያ ላይ ተዘጋ።

የእግር ጉዟችን ከፈረንሳይ ተነስቶ ወደ ስፔን ይሻገራል። የመጀመሪያው ዳገት ታዲያ ድንበሩ ላይ ያለው የፒሬኒስ ተራራ እንዳይመስላችሁ፤ ቪዛ ነው። በእግሩ የሚጓዝ ሰው እግዜር ባሳደረው ያድራል፤ ቪዛ ሰጪዎቹ ግን በየምሽቱ የት እንደማድር በወረቀት ካላየን አሉ። የባንክ ማስረጃ፣ የጡረታ ደብተር፣ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ፣ 90 ዩሮ የማመልከቻ ክፍያ፣ የአሥሩም ጣት አሻራ። አሻራዬ ደግሞ አልነሳ አለ። ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ የኖርኩ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ጣቴ ላይ የተረፈ መስመር የለም። አሻራ የምታነሳው ልጅ «በሶፍት ይጥረጉት፣ ጫን ያድርጉት፣ አሁን ያንሱት» ስትል ቆይታ ሲደክማት ወደ ፎርሙ ተመለሰች።

«መኖሪያ አድራሻ?»

«ፈረንሳይ።»

«የሚሄዱበትን አይደለም አባት፣ የሚኖሩበትን።»

«የምኖርበትን ነው የነገርኩሽ ልጄ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን።»

የጉዞዬን ዓላማ ስትጠይቀኝ «በእግር መሄድ» አልኳት። «ለመጎብኘት ማለትዎ ነው?» አለች። «ለመሄድ» አልኩ። ቀና ብላ ጉልበቴን አየችና «ጉብኝት» ብላ ጻፈች። ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ ለመግባት ወያላውን መስማትና መጋፋት ብቻ ይበቃ ነበር።

ልጄ በስልክ እንደምታበረታታኝ፣ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኮሳቶቻችን ከኢየሩሳሌም ሮም፣ ከሮምም አንዳንዶቹ እስከ ሳንቲያጎ ድረስ በእግራቸው ሄደዋል። እውነት ነው። ሮም ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለችው ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የእነሱ ማረፊያ ነበረች። ቢሆንም እነሱን አሻራ ማን ጠየቃቸው? ማንስ በሶፍት ጥረጉ አላቸው?

ከዚያ የድንጋዩ ጣጣ መጣ። ካሚኖ ላይ ፎንሴባዶን ከምትባል መንደር አለፍ ብሎ በረጅም የእንጨት ምሰሶ ጫፍ የተተከለ የብረት መስቀል አለ፤ ተጓዡ ከቤቱ ያመጣውን ድንጋይ ከሥሩ ይጥላል። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ከጓሮ የቡጢ የሚያህል ድንጋይ መርጣ፣ በሳሙና አጥባ፣ በፌስታል ጠቅልላ አስያዘችኝ። ኤርፖርት ፍተሻው ላይ ቦርሳዬ በማሽኑ ሁለቴ አለፈ፤ ከዚያ ወጣቱ ጎተት አድርጎ አወጣው።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ድንጋይ መሆኑንማ አየሁት። ምን ሊያደርጉበት ነው?»

«ስፔን ወስጄ ልጥለው።»

«ስፔን ድንጋይ የላቸውም?»

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔም ለሚስቴ የጠየቅኳት ይህንኑ ነው። አለቃው ተጠራ። ድንጋዩን አገላበጠው፣ አንኳኳው፣ ስለት መሆኑን ሲሰማ ግን በሁለት እጁ መለሰልኝና «ለእኔም ይጸልዩልኝ» አለ። ከዘራዬንም ማንም አልነካብኝ። ልጄ በብዙ ዩሮ የገዛችው የሚተጣጠፍ የብረት ምርኩዝ ወደ አውሮፕላን ውስጥ አይገባም ተብሎ ከሻንጣ ጋር እንድትጭነው መደረጉን በኋላ ስሰማ፣ በዚህ ጉዞ ሁሉ ያገኘሁት ንጹሕ ደስታ ያ ብቻ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ፓሪስ ልጄ ተቀበለችኝ። ባቡራችን እስኪደርስ ሰዓት ስለነበረን አንድ ነገር ላሳይህ ብላ ወደ ከተማው መሐል ወሰደችኝ። የቅዱስ ያዕቆብ ግንብ ይሉታል፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ፣ ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ጥልፍ የተሸለመ ረጅም የደወል ቤት። ቤተ ክርስቲያኑ የሥጋ ቆራጮች ደብር ነበር፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ አፍርሰው ድንጋዩን ሸጡት፣ ግንቡ ብቻውን ቀረ። «የፓሪስ ተጓዦች ከዚህ ተሰባስበው ነበር ወደ ሳንቲያጎ የሚነሱት» አለችኝ።

ቆምኩ። «እንግዲያው መነሻው ይኸው አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«የድሮው አባዬ። የአሁኑ ድንበሩ አጠገብ ያለችው ሴን ዣን ናት።»

«ሴን ዣን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«ወደ 800።»

«ከሴን ዣንስ ሳንቲያጎ?»

«ወደ 780።»

አስተውሉ እንግዲህ። ከመነሻው ላይ ቆመን፣ መንገዱን የሚያህል መንገድ በባቡር ተጉዘን፣ ወደ መነሻው ልንሄድ ነው። ይህን በፈተና ወረቀት ላይ የጻፈልኝ ተማሪ ቢኖር ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ አሰምሬ ወላጅ አስጠራ ነበር። ልጄ ግን ሰዓቷን አይታ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ነዳችኝ። ሞንፓርናስ ስንደርስ ደግሞ ከመሬት በታች ባለው መተላለፊያ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ረጅም ተንቀሳቃሽ ወለል አለ። ለእግር ጉዞ ከአፍሪካ የመጣሁ ሰው እግሬን አንድ ላይ ገጥሜ ቆሜ ተጓዝኩ።

ፈጣኑ ባቡር በእውነት ፈጣን ነው፤ ከቱር እስከ ቦርዶ እ.ኤ.አ. በ2017 በተከፈተው ሐዲድ ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። ለጂኦግራፊ መምህር ይህ ስድብ ነው። ወንዙን «ይህ ሎዋር ነው» ብዬ ጣቴን ከማንሳቴ አልፏል። ደግነቱ ልጄ ስልኳ ላይ አንድ መጽሐፍ ከፈተችልኝ፤ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሳንቲያጎ ተጓዦች የተጻፈ የመንገድ መምሪያ። ጸሐፊው ኤሜሪ ፒኮ የሚባል የፑዋቱ አገር ቄስ ነው ይላሉ። ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩትን ወዳጅ ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው!

ሰውዬው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያማርራል። ላንድ በሚባለው ሜዳ አሸዋው እስከ ጉልበት ይውጣል፣ ዝንቡና ተርቡ ፊት ይበላል ይላል። ወንዝ አሻጋሪዎቹ አንድ ዝላይ ለማትሞላ ወንዝ ያስከፍላሉ፤ ጀልባዋን ሰው አጭቀው ሲሞሏት ትገለበጣለች፤ ከዚያ የሰመጠውን ተጓዥ ንብረት ይካፈላሉ ብሎ ይከሳል። የባስኩን ቋንቋ፣ የናቫራን ሰው አበላል፣ የወንዙን ውኃ፣ የዓሣውን ዓይነት ሳይቀር ያወግዛል። በጎ ቃል ያወጣው በዋናነት ለማን መሰላችሁ? ለፑዋቱ ሰዎች! ጀግኖች፣ መልከ መልካሞች፣ ለጋሶች፣ እንግዳ ተቀባዮች። የእኛ አገር ሰው ነው እንጂ የፈረንሳይ አይመስልም። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ሰው ከነበረ፣ እኔ ሳማርር ልጄ ዓይኗን የምታንከባልልበት ምክንያት አይታየኝም።

በመስኮቱ ላንድ ሲያልፍ ግን አሸዋም ዝንብም የለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ረግረጉን አጠንፍፈው ጥድ ተከሉበት፤ አሁን የምታየው ጥድ፣ ጥድ፣ አሁንም ጥድ ነው። እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት ረኃብ ቀስቅሶኝ ነው። ወሩ ሰኔ፣ ጾሙ ጾመ ሐዋርያት ነበር። ወደ ሐዋርያ መቃብር እየሄዱ የሐዋርያትን ጾም መሻር አይሆንልኝም። በባቡሩ ውስጥ የሚሸጠው ዳቦ በውስጡ ቅቤና የአሳማ ሥጋ፣ ወይም አይብና የአሳማ ሥጋ፣ ወይም የአሳማ ሥጋ ብቻ ነው። ልጄ ለሻጩ «አባቴ ሥጋም ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይበላም» ብትለው ሐዘን በተሞላበት ፊት «ሐኪም ነው የከለከላቸው?» ብሎ ጠየቀ። በሶዬን በውኃ በጥብጬ ጠጣሁ፤ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ባቡር ልንቀይር ባዮን ስንወርድ ደግሞ የባሰ አታምጣ ነው። ባዮን በዓለም የታወቀችው በምን መሰላችሁ? በአሳማ ጭን! በጨው አሽተው፣ ለወራት አድርቀው፣ በየሱቁ ጣሪያ ላይ ሰቅለውታል፤ ከሥሩ አጎንብሰህ ካልሆነ ማለፍ አይቻልም። ያተረፈኝ ቸኮላታቸው ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው አሠራሩን ወደዚች ከተማ ያመጡት፤ ጥቁሩ ወተት የለበትም፣ መራራ ነው፣ ጾም ላይ ላለ ሰው ይሆናል። በርበሬም አለን ብለው አካባቢያቸው ከሚበቅለው ከኤስፔሌት በርበሬ አቀመሱኝ። በልዩ ማኅተም የተመዘገበ፣ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ዋጋው እሳት የሆነ በርበሬ። ራሱ በርበሬው ግን እሳት የሚባል ነገር አያውቅም። ለሕፃን ልጅ ጡት ማስጣያ እንኳ አይሆንም።

ከባዮን እስከ ሴን ዣን ትንሽዬ ባቡር ኒቭ የተባለውን ወንዝ ተከትላ አንድ ሰዓት ያህል ትወጣለች፤ ልጄ ከክረምት ጀምሮ ስታወራልኝ የኖረችው ስለዚች ባቡር ውበት ነበር። ጣቢያ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ ባቡሯ ጠፍታለች። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ እንዲወጣ በእጁ አመለከተ፤ አውቶቡስ ቆሟል። ለምን? ትከሻውን ሰበቀ። እንዲህ ባለው ጊዜ እኛ አገር ቢያንስ «መንገድ ተበላሽቶ ነው» ወይም «ሹፌሩ ታሞ ነው» የሚል አንድ ውሸት ይነገርሃል፤ ሰው መሆንህ ይታወቅልሃል።

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ተጓዥ ነው። ከኮሪያ፣ ከብራዚል፣ ከአየርላንድ፤ ሁሉም ከራሱ የሚበልጥ ቦርሳ፣ ሁሉም ቦርሳው ላይ የተንጠለጠለ የባሕር ዛጎል፤ ዛጎሉ የቅዱስ ያዕቆብ ተጓዥ ምልክት ነው። ኮት የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ሁሉ ሲታጠብ ወዲያው የሚደርቅ ጨርቅ ለብሶ፣ የቦርሳ ክብደት ከሰውነት ክብደት ከአሥር አንድ እጅ መብለጥ የለበትም እያለ ይከራከራል። አንዱ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ ጥሎታል፣ ክብደት ለመቀነስ! እኔ በበኩሌ አንድ ድንጋይ ይዣለሁ፤ ምን ልበል? ዝም አልኩ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ነጭ ግድግዳና ቀይ የእንጨት መስኮት ያላቸው የባስክ ቤቶች፣ በግ፣ ፈርን የለበሰ ኮረብታ። ያምራል። ማማሩን ለልጄ አልነገርኳትም።

ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር በቅጥር የታጠረች፣ ከላይዋ ምሽግ የተቀመጠባት ትንሽ ከተማ ናት። ከአውቶቡስ ወርደን በጥቁር ድንጋይ በተነጠፈ ቀጥ ያለ ዳገት ወደ ተጓዦች ቢሮ ወጣን። አንዴ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ከዚያ ወዳጄ ከፒኮ መጽሐፍ ያነበብኩት ትዝ አለኝ፦ በዚችው ከተማና በአካባቢዋ ቀረጥ ሰብሳቢዎች ዱላ ይዘው መንገድ ላይ እየጠበቁ ተጓዡን በግድ ያስከፍሉ ነበር፤ እሱም በስማቸው እየጠራ እንዲወገዙ ጠይቋል። ዛሬ ዱላ የለም። ምርኩዝ፣ ዝናብ ልብስ፣ የቁስል ፕላስተር፣ ዛጎል የታተመበት ኩባያ የሚሸጡ ሱቆች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ ያለ ዱላ ይከፈላቸዋል።

እዚህም ላይ ለልጄ አንድ ነገር አስረዳኋት። የድሮዎቹ የፈረንሳይ መንገዶች አራት ነበሩ። የፓሪሱ፣ የቬዝሌውና የለ ፒዩዊው ከዚች ከተማ ዝቅ ብሎ ኦስታባ አካባቢ ይገናኛሉ፤ የአርሉ በሌላ በር፣ በሶምፖር፣ ይሻገራል። ስለዚህ ሴን ዣን ድሮ መተላለፊያ እንጂ መነሻ አልነበረችም። መነሻ ያደረጋት ሐዲዱ እዚህ ማለቁና ድንበሩ እዚህ መቅረቡ ነው። «ስለዚህ ባቡሩ ነው መነሻውን የወሰነልን፤ እሱም ዛሬ አልመጣም» አልኳት። «አባዬ፣ ወረፋው ተንቀሳቅሷል፣ እለፍ» አለችኝ።

ቢሮው ውስጥ ያሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በዕድሜ እኔን የሚያክሉ። ደግ ሰዎች ናቸውና የማማርርበት አጣሁ፤ ይህም ራሱ ያበሳጫል። በየማደሪያው ማኅተም የሚመታበት የተጓዥ ደብተር ሰጡን። አንዲት ነጭ ጸጉር ያላት ሴት የነገውን መንገድ የሚያሳይ የከፍታ ሥዕል ፊቴ ዘረጋች። ከ170 ሜትር ግድም ተነስቶ ወደ 1,430 ሜትር ይወጣና ስፔን ውስጥ ወዳለችው ሮንሴስቫዬስ ይወርዳል፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል። ክረምት ከኖቬምበር እስከ ማርች መንገዱ ይዘጋል፣ ሰው ሞቶበታል፣ በጣም ከፍተኛ ስፍራ ነው፣ ይጠንቀቁ አለችኝ። ልጄ ስትተረጉምልኝ ሥዕሉን በሙያ ዓይን መረመርኩት፤ ጥሩ ተስሏል። ከዚያ «ንገሪያት» አልኩ፣ «የእኔ መኝታ ቤት ከዚህ ተራራ አናት በአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል።» ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ተራራ ተራራ የሚሉት ነገር ምኑም አይደለም። ጉልበቴ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ሜትር አያነብም።

በመጨረሻ መዝገቡ ላይ «ከየት ተነሱ?» የሚል ክፍት ቦታ መጣ። «ሴን ዣን» ልትል ልጄ አፏን ከፈተች። «አዲስ አበባ» አልኩ። «አባዬ፣ በእግር የተጀመረበትን ነው የሚጠይቁት።» «ከቤቴ በር እስከ ታክሲው በእግሬ ነው የሄድኩት!» ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ትዕግሥቱ ማለቅ ጀመረ። ሴትዮዋ ክርክሩን ሳይተረጎምላት የገባት ይመስለኛል፤ ፈገግ ብላ «አዲስ አበባ» ብላ ጻፈችና ማኅተሙን መታች። ልጄ ከዚያ በኋላ እራት እስክንበላ አላናገረችኝም። እራቱም ነጭ ሽንኩርት ያለው ባቄላ ነበር፤ የአሳማ ሥጋ እንዳለበት ሦስት ሰው ጠየቅኩ።

ማደሪያው ባለ ሁለት ፎቅ አልጋ የተደረደረበት አንድ አዳራሽ ነው። ለእኔ የላይኛው ደረሰኝ። አንዲት ኮሪያዊት ወጣት ከዘራዬን አየችና ቃል ሳትተነፍስ ዕቃዋን ወደ ላይ አወጣች፤ የታችኛውን ለቀቀችልኝ። ተባረኪ አልኳት፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ። ከዚያ ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ይጠፋል ተባለ። መብራት ጠፍቶ ምን ሊጠቅም፣ በዚህ አገር በሰኔ ፀሐይዋ ራሷ የምትጠልቀው 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው! ብርሃን ዓይኔ ላይ ተጋድሞ፣ አርባ ሰው በየቋንቋው ማንኮራፋት ጀመረ።

«አባዬ፣ ተኛ» አለችኝ ልጄ ከወዲያ ማዶ፣ በሹክሹክታ። «ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንነሳለን።»

«መመለሻውስ በምንድን ነው?»

«ከሳንቲያጎ በአውሮፕላን።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ፓሪስ? ሁለት ሰዓት ገደማ። ተኛ።»

ይህን ሰምቶ የሚተኛ ይኖር ይሆናል። እኔን ግን ሌላም ነገር ይዞኛል። እዚህ ቤት ጫማ ወደ መኝታ አይገባም፤ በር ላይ መደርደሪያ ላይ ትተዋለህ፣ ሁሉም ጫማ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ቡናማ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቅዳሴ ሲያልቅ አዲስ ጫማ አጥቶ በባዶ እግሩ ቤቱ የገባ ሰው ይህን አያምንም። ያ የፒኮ መምሪያ የሚገኝበት የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥንታዊ መጽሐፍ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሳንቲያጎ ካቴድራል ተሰርቆ፣ በዓመቱ የካቴድራሉ የቀድሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋራዥ ውስጥ ነው የተገኘው። ካቴድራል ውስጥ መጽሐፍ ከተሰረቀ በር ላይ ጫማ ምን ዋስትና አለው? ከዘራዬን ይዤ ተነሳሁ። አልጋው ሲንቋቋ ሦስት ሰው ተገላበጠ፣ አንዱ በጀርመንኛ አጉረመረመ፤ ያጉረምርም፣ አሁን ደግሞ የእሱ ተራ ነው። ጫማዬን አገኘሁት። አምጥቼ ትራሴ ሥር፣ ከድንጋዩ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ኮሪያዊቷ ከላይ አፍንጫዋን ያዘች።